ቀዩ መብራት ምን ይላል?

ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች የሞተር ሙቀትና ስለ ማስጠንቀቂያዎቹ

በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለ ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ ብዙ ከፍ ከፍ ያሉ አርእስት በሐሳቤ መጥተው ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ጠፈር ጉዞ፣ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ዓባይ ግድብ እንደሚጽፉ ነግረውኛል። እኔ ግን የምጽፈው በአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን መሪ ፊት ስላለች፣ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም ስለማትበልጥ ቀይ መብራት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ሆኖም በዚህች መብራት ምክንያት ቤተ ሰባችን ከአንድ የሥጋ ዘመድ ቀብር ሳይደርስ ቀርቷል፤ ጥፋቱም በከፊል የእኔ ነበርና ሳልጽፈው ባልፍ ዕረፍት አላገኝም።

መኪናዋ የአያቴ ናት። አያቴ ከአርባ ዓመት በላይ ነድተዋታል፤ አሁን ግን ዐይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው መሪውን ለአጎቴ አስረክበዋል። በልደታ ባለው የኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ ከአዲሶቹ መኪናዎች መካከል፣ በጀርባዋ እንደ ኤሊ ጎበጥ ብላ የምትቆመው እርሷ ብቻ ናት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በአጠገባችን ሲያልፍ፣ ከባቡሩ ድምፅ ይልቅ የእርሷን ሞተር ድምፅ ለይተን የምናውቅ የሰፈር ልጆች ብዙዎች ነን።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር የአያቴ እኅት በሰላሌ ፍቼ ማረፋቸው ተሰማ። ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው ስለ ተባለ በማለዳ ተነሣን። አጎቴ ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ፤ አያቴና እናቴ ከኋላ ናቸው። አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለዋል። አዲሱ ገበያን አልፈን ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው ቀዩ መብራት በራ። አጎቴ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፤ «አንተ የፊዚክስ ተማሪ፤ ይህ ደግሞ ምንድር ነው?» አለኝ። እኔም በፈተና ላይ እንደ ተጠየቀ ሰው ደስ እያለኝ፤ «ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አቁሟል ማለት ነው» ብዬ መለስሁ። አጎቴም፤ «እንግዲያው ባትሪው ፍቼ ያደርሰናል፤ ቀን ነውና የፊት መብራት አያስፈልገንም» አለና መንገዱን ቀጠለ። አያቴን ከሐዘናቸው ላለማናወጥ ብለን ምንም አልነገርናቸውም።

አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ወጣን የመኪናዋ ጉልበት ደከመ። አጎቴ ማርሽ ቀነሰ። አያቴ ከጋቢያቸው ውስጥ ቀና ብለው፤ «ምንድር ነው የሚሸተኝ?» አሉ። ወዲያው አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር፤ ጥቂት እንደ ቆየም ከኋላችን ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚያሰማው ዐይነት ድምፅ ተሰማና ሞተሩ ቆመ። የኋላውን ኮፈን ስንከፍት ትኩሳቱ ፊታችንን ገረፈው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ከሥር ተጋድሟል። አያቴ በእጃቸው ዳስሰው ካወቁት በኋላ፤ «ቀዩ መብራት በርቶ ነበርን?» ብለው ጠየቁ። «አዎን አባባ፤ ዲናሞው ብቻ መስሎን ነው» አልኋቸው። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሰው መኪና ተለምነን ፍቼ ስንደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ ሕዝቡ ወደ ድንኳን ተመልሶ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ የሰጠሁት መልስ ስሕተት አልነበረም፤ ዲናሞው በእርግጥ መሙላት አቁሞ ነበር። መልሱ እውነት ሆኖ ሳለ ሞተሩን ያቃጠለው እንዴት ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ ያነበብሁትም፣ መካኒኮችን እየተከተልሁ የጠየቅሁትም ይህንኑ ለማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ሞተር ለምን እንደሚሞቅ ባጭሩ እናገራለሁ። ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል የነበልባሉ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ሞተሩ ግን ከዚህ ሁሉ ሙቀት ወደ ጉልበት የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከፊሉ በጭስ መውጫው ይሄዳል፤ ከፊሉም ወደ ብረቱ ይገባል። ፒስቶኑ የሚሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ነው፤ ከመቅለጡ አስቀድሞም በሙቀት ተለጥጦ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ወደ ብረቱ የገባውን ሙቀት ያለማቋረጥ የሚያወጣለት ነገር ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ መኪናዎች ይህን ሥራ ለውሃ ሰጥተውታል። ቮልስዋገን ግን ለነፋስ ሰጠችው።

የቮልስዋገን አሳቢዎች ውሃን የተዉበት ምክንያት ነበራቸው። መኪናዋ የታቀደችው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ውስጥ ለጀርመን ተራ ሕዝብ ነው፤ ያ ሕዝብ ጋራዥ ስላልነበረው መኪናውን በክረምት ሌሊት ደጅ ያሳድራል፤ የራዲያተር ውሃ ደግሞ ሲረጋ ብረት ይሰነጥቃል። ነፋስ ግን አይረጋም፤ አይፈላም፤ አያፈስም። በአገራችንም ቅዝቃዜው ያን ያህል ባይሆንም፣ ውሃ በማይገኝበት መንገድ ላይ ለሚሄድ ሰው ይህ ታላቅ ጥቅም ነበር። በሌላውም ቢሆን ቮልስ በታሪካችን ውስጥ ያላት ስፍራ ትንሽ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበር ወላጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። ፋብሪካው የመጨረሻይቱን ከሜክሲኮ ያወጣት ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንግባ። በቮልስ ሞተር ላይ ነፋስ የሚያራግበው ማራገቢያ ለብቻው አይዞርም፤ የተተከለው በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞር አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቺንጋው ሲበጠስ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ይቆማሉ። ዲናሞው ቢቆም የሚጎዳው ባትሪው ነው፤ እርሱም ለጥቂት ሰዓት ይችለዋል። ማራገቢያው ቢቆም ግን የሚጎዳው ሞተሩ ነው፤ እርሱ ደግሞ በዳገት ላይ ደቂቃዎችን እንኳ በጭንቅ ይታገሣል። በዚህች መኪና ሰሌዳ ላይ የሙቀት ጌጅ የሚባል ነገር የለም። ቀዩ መብራት የሚያውቀው ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ባለ መኪናው ግን ስለ ሙቀት እንዲረዳው ተጠብቆበታል።

መብራቱ የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ስለ ሆነ እገልጸዋለሁ። የአምፑሉ አንደኛው ሽቦ በቁልፉ በኩል ከባትሪው ጋር፣ ሁለተኛው ከዲናሞው ጋር ተያይዟል። ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ ገና ስላልተነሣ ዲናሞው አይሠራም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነሥቶ በአምፑሉ አልፎ በዲናሞው በኩል ይሄዳል፤ መብራቱም ይበራል። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሠራ ግን በሁለቱም ወገን ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት እኩል ይሆናል። አንድን በር ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ከውስጥና ከውጭ ቢገፉት በሩ እንደማይነቃነቅ ሁሉ፣ በአምፑሉም ውስጥ የሚያልፍ ነገር ስለማይኖር ይጠፋል። በመንገድ ላይ ዲናሞው ከቆመ አንደኛው ገፊ በሩን ጥሎ ሄደ ማለት ነውና መብራቱ እንደ ገና ይበራል።

ከዚህ የምንረዳው መብራቱ በሁለት ምክንያት ሊበራ እንደሚችል ነው። አንደኛው ቺንጋው ሲበጠስ ነው። ሁለተኛው ቺንጋው ደኅና ሆኖ በዲናሞው ውስጥ ያሉት ካርቦኖች ሲያልቁ ወይም ሽቦ ሲበጠስ ነው። በሁለተኛው ምክንያት ከሆነ ማራገቢያው ይዞራልና አጎቴ እንዳለው ባትሪው እስከሚችል ድረስ መሄድ ይቻላል። በሰሌዳው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዐይነት ቀይ ናቸው። የሚለያቸው ወርዶ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው። እኛ ለመውረድ ግማሽ ደቂቃ ሰስተን ሦስት ሳምንት ጋራዥ ተመላለስን።

ጋራዡ በአብነት በኩል ነው። መካኒኩ ሞተሩን አውርዶ ሲበታትነው አጠገቡ ቆሜ ነበር። አራቱ ሲሊንደሮች በየራሳቸው የሚወልቁ ናቸው፤ ሦስቱ ጠቋቁረው ይውጡ እንጂ ደኅና ነበሩ። የተጣበቀው የሦስተኛው ፒስቶን ነው። መካኒኩ ሳይከፍተው ገና፤ «ሦስተኛው ነው፤ ታያለህ» ብሎኝ ስለ ነበር እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት። እርሱም በነፋስ ማስተላለፊያው ውስጥ ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ለፊት የቆመውን የዘይት ማቀዝቀዣ አሳየኝ። ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው ነፋስ አስቀድሞ በትኩሱ ዘይት መካከል ያልፋል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ጋ ሲደርስ ሞቆና ተቀንሶ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሠራቸው ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ከነፋሱ መንገድ ወደ ዳር አውጥቶታል። የአያቴ መኪና ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። አዲስ ፒስቶንና ሲሊንደር ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ ተገኘ፤ ዋጋውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል፤ እናቴ ይህን መጽሔት ታነባለችና ቁስሏን መቀስቀስ አልፈልግም።

ስለ አረንጓዴውም መብራት አንድ ሁለት ቃል ልበል። እርሱ የሚጠብቀው የዘይትን ግፊት ነው። ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንደ ውሃ ይቀጥናል፤ ሲቀጥንም በብረቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ቶሎ ያመልጣልና ግፊቱ ይወድቃል። እንግዲህ አረንጓዴውም ስለ ሙቀት የሚናገረው በተዘዋዋሪ ነው፤ ለዚያውም ዘግይቶ። ከረጅም ዳገት በኋላ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ብልጭ ብልጭ ቢል፣ ቤንዚን ሲሰጡት ከጠፋ፣ ለጊዜው አያስደነግጥም፤ ማሳረፍና ዘይቱን ማየት ይበቃል። እየተነዳ ሳለ ቢበራ ግን በዚያው ቅጽበት ሞተሩን አጥፍቶ መቆም ነው። በእኛ ላይ አረንጓዴው ሲበራ ነገሩ አልቆ ነበር።

«እኛ ቮልስ የለንም፤ የእኛ መኪና በውሃ የሚቀዘቅዝና ጌጅ ያለው ነው» የምትሉ ወላጆች ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፤ ለምሳሌ በከተማችን ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው በታክሲነት ለብዙ ዘመን ያገለገሉት ላዳዎች የሙቀት ጌጅ አላቸው። ላዳ በፊያት 124 አምሳያ በሩሲያ አገር በቶሊያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተሠራች መኪና ናት። ጌጅ ያለው ሰው ከቮልስ ባለቤት ይልቅ ብዙ ያውቃል። ቢሆንም መርፌው ራሱ እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል ካወቅሁ ወዲህ በእርሱም ላይ ያለኝ እምነት ቀንሷል።

ስለ መፍላት የሚነገረውን አስቀድመን እንይ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ይህ የሚሆነው ግን በባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች በላያችን ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ላቦራቶር ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ውሃ አፍልተን ቴርሞሜትር ስንከት መርፌው 92 ላይ ቆመ፤ ምንም ያህል እሳቱን ብናበዛ ከዚያ አላለፈም። (ባቄላ በአዲስ አበባ ቶሎ የማይበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ለእናቶቻችን ማስረዳት ለጠብ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም።)

መኪና ሠሪዎች ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የራዲያተሩን ክዳን ከምንጭ ሽቦና ከጎማ ጋር ሠርተው ግፊት እንዲይዝ አድርገውታል። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት የከባቢ አየርን ግማሽ ያህል ነው። በዚህ ክዳን ሥር ውሃ በባሕር ጠረፍ በ112 ዲግሪ ገደማ፣ በእኛ ከተማ ደግሞ በ106 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ደኅና ከሆነ ይህ መልካም ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀና ግፊት ማስተንፈስ ከጀመረ ግን ውሃው የሚፈላው ላቦራቶር ውስጥ እንዳየነው በ92 ዲግሪ ነው። በጌጁ ላይ ያለው ቀይ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ብዙ ከፍ ብሎ ነው፤ ሰሌዳውን የሠሩት ሰዎች የሚኖሩት በቆላ ነውና። ስለዚህ በአዲስ አበባ ራዲያተሩ እየተንተከተከ፣ ውሃውም በእንፋሎት እያለቀ፣ መርፌው ገና ወደ ቀዩ ሳይደርስ ሊታይ ይችላል። ሾፌሩ መርፌውን አይቶ «ደኅና ነኝ» ይላል። ለማንኛውም አሮጌ መኪና ባለቤት ልመክረው የምደፍረው ነገር ቢኖር ከሁሉ በፊት ርካሹን የራዲያተር ክዳን እንዲለውጥ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በጎረቤታችን የሚኖሩ አንድ የቀድሞ የላዳ ታክሲ ሾፌር ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ መሆኑን ሰምተው ጠሩኝና፤ «መርፌው ወደ ቀዩ ሲወጣ አትፍራ፤ ይልቅ ወጥቶ ሳለ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ ፍራ» አሉኝ። በመጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ፍጹም እውነት ነው። ሙቀቱን የምትለካዋ ትንሽ መሣሪያ በሞተሩ ላይ ተሰክታ ጫፏ በውሃ ውስጥ ይነከራል። የምትለካው የብረቱን ሙቀት ሳይሆን የነካትን ነገር ሙቀት ነው። ቱቦ ተቀዶ ውሃው ካለቀ በዙሪያዋ የሚቀረው አየርና ጥቂት እንፋሎት ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀትን እንደ ውሃ አያቀብልም። መርፌው ይወርዳል፤ ሾፌሩ ሞተሩ በራሱ የበረደ መስሎት እግዚአብሔርን አመስግኖ ይነዳል፤ ቴስታታው ግን በዚያ ሰዓት እየተጣመመ ነው። እኚህ ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ ቴስታታ አስልጠው ነው ይህን የተማሩት።

መርፌ የሚነካውን ብቻ እንደሚናገር ጥንትም ይታወቅ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል በእንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲመጣ ሾፌሮች ስለ ሙቀት የሚያውቁት በማሽተትና እንፋሎት በማየት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካኖች በራዲያተሩ ክዳን ላይ የሚተከል፣ ከመሪው ሆኖ የሚታይ ቴርሞሜትር አወጡ። ያም የሚለካው ከውሃው በላይ ያለውን እንፋሎት እንጂ ሞተሩን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተሻሻለ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም።

ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የሚያገኘው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለ ሆነ አንዳንድ መካኒኮች በካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠባብ ይለውጧታል፤ መኪናው ጭስ ይቀንሳል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። በዚያው መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ አየሩ ወፍራም ይሆንና ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ቃጠሎ ደግሞ ሞተሩን ይበልጥ ያግለዋል፤ በዚህ ላይ የቆላው ፀሐይ ይጨመርበታል። ሾፌሩ «በአዲስ አበባ ዳገት ያልሞቀች መኪና በሜዳ ላይ ምን ነካት?» ብሎ ይገረማል።

መብራትና መርፌ ሳይናገሩ የሚናገሩ ምልክቶችም አሉ። ዳገት ላይ ጉልበት ሲደክም፤ ቤንዚን ሲሰጡት ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር በቆርቆሮ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ሲሰማ፤ ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ እየተንገጫገጨ አልጠፋም ሲል፤ የተቃጠለ ዘይትና ቀለም ሲሸት፤ እነዚህ ሁሉ የሙቀት ቃላት ናቸው። አያቴ ቆም ባሉ ቁጥር የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያወጡና በጣታቸው ይይዙታል፤ ሊይዙት ካልቻሉ መኪናዋ ታርፋለች። በዚያች ጠዋት ከሁላችንም በፊት ያወቁት በአፍንጫቸው ነበር፤ ዐይን ያለን ሁለታችን ግን መብራቱን እያየን አላወቅንም።

ሞተሩ መሞቁ ከታወቀ በኋላ ስለሚደረገው ነገር ብዙ አልናገርም፤ አብዛኛው ሰው ያውቀዋልና። ነገር ግን ሁለት ስሕተቶች ዘወትር ሲፈጸሙ አያለሁ። አንደኛው የሚፈላን ራዲያተር ክዳን ወዲያው መክፈት ነው። በክዳኑ ሥር ያለው ውሃ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሆኖ በግፊት ብቻ የታፈነ ነው፤ ግፊቱ ሲለቀቅ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊት ላይ ይወጣል። ሁለተኛው በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው፤ ብረቱ በድንገት ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። መርፌው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምርና ወዲያው መቆም የማይቻል ሲሆን የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ይረዳል፤ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነውና። በሞቃት ቀን ይህን የሚያደርግ ሾፌር ያበደ ይመስላል፤ ነገር ግን ትክክል ነው። ቮልስ ላላቸው ደግሞ መፍትሔው አንድ ቺንጋ፣ አንድ የመፍቻ ቁልፍና አንድ ሩብ ሰዓት ነው። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከረገበ ልክ ነው፤ ከዚያ ከላላ ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ቺንጋ ደግሞ ከተበጠሰው ይልቅ ተንኰለኛ ነው፤ ዲናሞውን መብራቱ እንዲጠፋ ያህል ያዞረዋል፤ ማራገቢያውን ግን እንደሚገባው አያዞረውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፤ «በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ወስኗል፤ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ሁሉንም በኮምፒዩተር ይናገራሉ፤ ስለዚህ የአንተ ጽሑፍ ያለፈ ታሪክ ነው» ብለውኛል። እኔ ግን በተቃራኒው አስባለሁ። አዲስ የነዳጅ መኪና መግባት ካቆመ ያሉት አሮጌዎች ይበልጥ ያረጃሉ እንጂ በአንድ ሌሊት አይጠፉም፤ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል ቤተ ሰብም ብዙ ነው። የኤሌክትሪኩም መኪና ባትሪ ቢሆን ከሙቀት የሚጠበቅ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የሚበራው መብራት ከየትኛው መሣሪያ ተነሥቶ እንደሚበራ የሚጠይቅ ሰው ለእርሱም ያስፈልገዋል።

መኪናችን ከጋራዥ ከወጣች ወዲህ ከወንበሩ ጀርባ ሁለት አዳዲስ ቺንጋዎች በከረጢት ተቀምጠዋል። በሠርክም በማለዳም ከግቢያችን ስንወጣ አንድ ሥራ ተሰጥቶኛል። አያቴ ከኋላ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አጎቴ ቁልፉን ሲከፍት እኔ፤ «ቀይ በርቷል፤ አረንጓዴ በርቷል» እላለሁ፤ በዚህ ጊዜ ካልበሩ አምፑሉ ተቃጥሏል ማለት ነውና አንንቀሳቀስም። ሞተሩ ሲነሣም፤ «ሁለቱም ጠፍተዋል አባባ» እላለሁ። አያቴ የሞተሩን ድምፅ ጥቂት ያዳምጡና፤ «እንግዲያው እንሂድ» ይላሉ።